የመረጃ ቋት በሰርቨር ላይ የሚይዘው ማኅደረ ትውስታ እንዴት እንደሚለካ፤ ከቆቦ የተነሣ አጭር የታሪክ ጥናት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ የመረጃ ቋት፣ ማለት ዳታቤዝ፣ በሚያድርበት ሰርቨር ላይ ምን ያህል ማኅደረ ትውስታ (ሜሞሪ) እንደሚይዝ የሚለካበት ዘዴ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰ ለማስረዳት ነው። ነገሩ ለታሪክ ተማሪ የማይገባ፣ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። እኛም ወደ ቆቦ ከመውረዳችን በፊት እንደዚያው ይመስለን ነበር። ዓመታቱን እንደ አገራችን አቈጣጠር ጽፈን የፈረንጁን በቅንፍ አስከትለናል።

አስቀድመን አንድ ቃል እንፍታ። ሰርቨር በሁለት ቦታ ያስቀምጣል። አንደኛው ዲስክ ነው፤ ይህ እንደ መዝገብ ቤት መደርደሪያ ያለ ነው፤ መብራት ቢጠፋም የተጻፈበት አይጠፋም፤ ነገር ግን ለማንሣትና ለመመለስ ጊዜ ይፈጃል። ሁለተኛው ማኅደረ ትውስታ ነው፤ ይህ ደግሞ ጸሐፊው መዝገቡን ዘርግቶ የሚሠራበት ጠረጴዛ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ግን ጠባብ ነው፤ መብራት ሲጠፋም ባዶ ይሆናል። የመረጃ ቋት መዛግብቱን ከመደርደሪያው እያነሣ በጠረጴዛው ላይ ይሠራል። እንግዲህ ጥያቄያችን ከጠረጴዛው ምን ያህሉን ይዟል የሚል ነው።

ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ፣ ከምሥራቅ የዞብልን ተራሮች፣ ከምዕራብ የደጋውን ግርጌ ይዛ፣ በሰፊው የራያ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አገሩ የማሽላና የጤፍ አገር ነው። ገበሬው የሰማዩን ዝናብ ብቻ አይጠብቅም፤ ከደጋው የሚወርደውን ጐርፍ እየጠለፈ ወደ ማሳው ያገባል። ዝናብ በቀረ ዓመት ግን የዚህ አገር ሰው ችግር ምን ያህል እንደሚከፋ በ1966ቱም በ1977ቱም ረኀብ ታይቷል። ስለዚህ የስም ዝርዝር፣ ማለት ማን ምን ያህል ይቀበላል የሚለው መዝገብ፣ በዚህ አገር ተራ ወረቀት አይደለም።

በከተማይቱ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የእርዳታ ተቀባዮችን ስም በመረጃ ቋት ይይዛል። በየወሩ መጨረሻ ከየቀበሌው የሚመጡ ጸሐፊዎች የየራሳቸውን ዝርዝር አውጥተውና አትመው ይወስዳሉ። ያለ ዝርዝሩ ምንም አይታደልም። ከእኛ አንዱ የዚያ አገር ተወላጅ ስለሆነ በክረምት ዕረፍት ወደዚያ ወርደን ሳለን የመሥሪያ ቤቱ ኀላፊ ጠሩን። «ልጆች፣ ዳታቤዙ ሜሞሪውን ጨርሶ በልቶታል፤ አዲስ ሰርቨር ካልተገዛ መፍትሔ የለውም» አሉና የግዢውን ደብዳቤ አሳዩን። በስክሪኑም ላይ ከ16 ጊጋባይት ውስጥ «ነፃ» ተብሎ የተጻፈው ከግማሽ ጊጋባይት ያንስ ነበር። ከደብዳቤው ጋር አንድ ባለሙያ ያዘጋጀው ሠንጠረዥ ተያይዟል። የመረጃ ቋቱን ሠላሳ ሂደቶች አንድ በአንድ ቈጥሮ፣ እያንዳንዱ 2 ጊጋባይት ይዟል ብሎ፣ በድምሩ 60 ጊጋባይት አድርሶታል። 16 ጊጋባይት ብቻ ባለው ሰርቨር ላይ 60 ጊጋባይት ከየት እንደ መጣ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

እኛ ከትምህርት ቤት ያወቅነውን ይዘን ስለነበር ሣቅን ማለት ይቻላል። «የሚገኝ» የሚለው ዐምድ ከ9 ጊጋባይት በላይ ያሳይ ነበር። «ጋሼ፣ ምንም አልጐደለም፤ ሥርዓቱ ባዶ ቦታ እንዳይባክን ከዲስክ ያነበበውን ስለሚያስቀምጥበት ነው የሞላ የሚመስለው፤ በተፈለገ ጊዜ ይለቀዋል» አልናቸውና የመንግሥት ገንዘብ አዳንን ብለን ደስ እያለን ወጣን። ከስምንት ቀን በኋላ ወሩ አለቀ፤ ጸሐፊዎቹ መጡ፤ ሰርቨሩም ወደቀ። በግቢው ጥላ ሥር ከጧት ጀምሮ ሲጠብቁ ከዋሉት እናቶች አንዷ ከእኛ አንዱን «የኔ ልጅ፣ መኪናው ስሜን ረሳው እንዴ?» ብለው ጠየቁት። መልስ አልነበረንም። ይህ ጥናት የተጀመረው ያን ቀን ነው።

ያልታየ ነገርን መጠን መገመት ለዚህ አገር እንግዳ ሥራ አይደለም። በቀድሞው ሥርዓት ዐሥራት ሲሰበሰብ ገማች ወደ ማሳው እየወጣ ገና ያልታጨደውን እህል በዓይኑ መዝኖ ይህን ያህል ይወጣዋል ይል ነበር። ገበሬው የሚከፍለው በጐተራው በገባው ሳይሆን በገማቹ ቃል ነበር። በ1937 ዓ.ም. (1944) የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ዐሥራቱ በገንዘብ እንዲተመን አደረገ፤ በ1960 ዓ.ም. (1967) ደግሞ በእርሻ ገቢ ግብር ተተካ። የግብርና የሹማምንት በደል በ1935 ዓ.ም. በራያና በደቡብ ትግራይ ለተነሣው ዐመፅ ከምክንያቶቹ አንዱ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። እዚህ ላይ ወደዚያ ታሪክ አንገባም። ለእኛ የሚጠቅመን ገማቹ የሚያቀላቅላቸውን ሦስት ነገሮች ለይቶ ማየት ነው። የጐተራው ስፋት አንድ ነገር ነው፤ በውስጡ ያለው እህል ሌላ ነገር ነው፤ ቤተሰቡ እስከ መጪው መኸር የሚያስፈልገው ደግሞ ሦስተኛ ነው። በውጭ የቆመ ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በኮምፒዩተርም ታሪክ እነዚህ ሦስቱ የተለያዩት አንድ ጊዜ አይደለም፤ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው።

የጐተራው ስፋትና የእህሉ መጠን የተለያዩት በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ነው። ቶም ኪልበርንና ጓደኞቹ የሠሩት አትላስ የተባለው ኮምፒዩተር በኅዳር 1955 ዓ.ም. (1962) ሥራ ጀመረ፤ ይህ የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተመረቀ በዓመቱ ነው። አትላስ ፈጣን ማኅደሩ 16,384 ቃል ብቻ ይይዝ ነበር። ከዚህ ጋር 98,304 ቃል የሚይዝ ዘገምተኛ ከበሮ ነበረው። ሠሪዎቹ ሁለቱን አጣምረው ለፕሮግራም ጸሐፊው አንድ ሰፊ ማኅደር መስሎ እንዲታየው አደረጉ። መኪናው ራሱ ገጽ እየቈረጠ ከከበሮው ወደ ማኅደሩ ያመላልሳል። ይህ «ምናባዊ ማኅደር» የሚባለው ነገር መነሻ ነው። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራም «ይህን ያህል ያስፈልገኛል» ብሎ የሚጠይቀውና በእውነት የሚይዘው የተለያዩ ቍጥሮች ሆኑ። ዛሬም በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ከአንድ ሂደት ስም አጠገብ ሁለት ቍጥሮች የሚታዩት ስለዚህ ነው፤ አንዱ የተጠየቀው፣ ሁለተኛው በእውነት በማኅደሩ ውስጥ የሰፈረው። የመጀመሪያውን አይቶ የሚደነግጥ ሰው ጐተራውን ከውጭ አይቶ እህሉን የሚገምት ነው።

ሦስተኛውን፣ ማለት ቤተሰቡ የሚያስፈልገውን፣ የለየው ፒተር ዴኒንግ ነው። በ1960 ዓ.ም. (1968) ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ፕሮግራም በአንድ የጊዜ ክልል ውስጥ የሚነካቸውን ገጾች «የሥራ ስብስብ» ብሎ ሰየማቸው። የሐሳቡ ፍሬ ነገር ጊዜ ነው። ፕሮግራም የሚያስፈልገው ማኅደር የማይለወጥ ቍጥር አይደለም፤ መቼ እንደ ታየ ካልተነገረ ቍጥሩ ትርጕም የለውም። እኛ በቆቦ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። የለካነው በወሩ መካከል፣ ሁለት ሦስት ሰው በሚሠራበት ሰዓት ነበር። ገማች ከዝናብ በፊት ማሳ ቢጐበኝ ምን ያያል? የሥራው ክብደት የሚታየው በወሩ መጨረሻ ነው፤ እኛ ግን በዚያ ቀን አልነበርንም።

የመረጃ ቋት ነገር ለብቻው የተወሳሰበበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። ኤድጋር ኮድ በ1962 ዓ.ም. (1970) መረጃን በሠንጠረዥ የማደራጀትን ሐሳብ ካሳተመ በኋላ በአሜሪካ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ስቶንብሬከር ኢንግረስ የተባለውን ቋት ሠራ። ይኸው ሰው በ1973 ዓ.ም. (1981) ባወጣው ጽሑፍ የኮምፒዩተሩ ሥርዓተ ክወና ለመረጃ ቋት የሚሰጠው አገልግሎት ዘገምተኛና የማይስማማ ነው ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ቀላል ነው። ሥርዓተ ክወናው የትኛው ገጽ ቀጥሎ እንደሚፈለግ አያውቅም፤ የመረጃ ቋቱ ግን ያውቃል። ስለዚህ ቋቱ የራሱን የገጾች ማስቀመጫ በራሱ ቢያስተዳድር ይሻላል። ዋና ዋናዎቹ ቋቶች በዚህ መንገድ ሄዱ። እንግዲህ በአንድ ሰርቨር ውስጥ ሁለት መጋቢ ሆነ፤ አንዱ ሥርዓተ ክወናው፣ ሁለተኛው የመረጃ ቋቱ። ሁለቱም ከዲስክ ያነበቡትን ያስቀምጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜ አንዱን ገጽ ሁለቱም ይይዙታል። «ምን ያህል ይዟል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የትኛውን መጋቢ እንደሚጠይቅ ማወቅ አለበት። የስቶንብሬከር ሁለተኛ ሥራ የሆነው ፖስትግረስ በ1978 ዓ.ም. (1986) ተጀምሮ ዛሬ ፖስትግሬስኪውኤል በሚባል ስም በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። በቆቦው ሰርቨር ላይ ያገኘነውም እርሱን ነው።

የአገራችንም የመረጃ ቋት ታሪክ በማኅደር ጥበት የተጀመረ ነው። በ1978 ዓ.ም. (1985) ዩኔስኮ ሲ.ዲ.ኤስ. አይሲስ የተባለውን የቤተ መጻሕፍት ቋት ለትንንሽ ኮምፒዩተሮች ሲያወጣ፣ የዚያ ዘመን የአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተሮች ለፕሮግራም የሚፈቅዱት 640 ኪሎባይት ብቻ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1982 ዓ.ም. (1990) የተከፈተው የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ተማሪዎች በዚህ ዓይነት መኪና የሠሩ ናቸው። በዚያ ዘመን ማኅደሩን የሚለካ አያስፈልግም ነበር፤ ሲሞላ መኪናው ራሱ ይናገር ነበርና።

አሁን ወደ ባለሙያው ሠንጠረዥ እንመለስ። 60 ጊጋባይት እንዴት ተገኘ? ፖስትግሬስኪውኤል ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ አንድ ሂደት ይከፍታል። ሂደቶቹ ሁሉ ግን አንድ የጋራ ማስቀመጫ ይጠቀማሉ፤ በቆቦው ሰርቨር ይህ የጋራ ክፍል 4 ጊጋባይት ተመድቦለት ነበር። ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ሂደት የሚያሳየው «የሰፈረ» ቍጥር ሂደቱ የነካውን የጋራ ክፍል ጭምር ያካትታል። ሠላሳው ሲደመር የጋራው ክፍል ሠላሳ ጊዜ ተቈጠረ ማለት ነው። ገበሬ ይህን ስሕተት አይሠራም። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በመቀናጆ ሲያርሱ እያንዳንዱ «በሁለት በሬ አርሳለሁ» ቢል እውነቱን ነው፤ በሬዎቹ ግን አራት አይሆኑም። ለዚህ ችግር በሊኑክስ ውስጥ መፍትሔ የተገኘው በ2000 ዓ.ም. (2008) ነው። በዚያ ዓመት የጋራውን ክፍል ለተጋሪዎቹ በእኩል አካፍሎ የሚቈጥር ልክ ገባ። በዚህ አቈጣጠር ለእያንዳንዱ ባለ መቀናጆ የሚቈጠርለት የራሱ አንድ በሬ ነው፤ ድምሩም እውነተኛ ይሆናል። ባለሙያው ይህን ልክ ቢጠቀም ኖሮ ሠንጠረዡ ከ16 ጊጋባይት ባልበለጠ ነበር።

የኀላፊው ስሕተት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። «ነፃ» የሚለው ቍጥር ሰዎችን ለብዙ ዓመታት ሲያስደነግጥ ኖሯል። ሊኑክስ ሥራ ያልያዘውን ማኅደር ሁሉ ከዲስክ ላነበበው ማስቀመጫ ያውለዋል፤ ስለዚህ ደኅና የሚሠራ ሰርቨር ሁልጊዜ የሞላ ይመስላል። በ2006 ዓ.ም. (2014) የሊኑክስ 3.14 እትም «የሚገኝ» የሚል አዲስ ቍጥር የጨመረው ለዚህ ነው፤ ይህ ቍጥር አዲስ ሥራ ቢመጣ ሌላውን ሳያስጨንቅ ምን ያህል ሊሰጠው እንደሚቻል ይገምታል። ግምት መሆኑ ግን መረሳት የለበትም። እኛ የተመካነው በእርሱ ነበር፤ እርሱም የተናገረው ስለዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

ለመሆኑ የራያ ቆቦ ሕዝብ መዝገብ ራሱ ምን ያህል ማኅደር ይፈልጋል? ይህን ለማወቅ ቀላል ስሌት ሠራን። በግንቦት 1999 ዓ.ም. (2007) በተደረገው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቈጠራ የራያ ቆቦ ወረዳ ሕዝብ 221,958 ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው ለስሙ፣ ለቀበሌው፣ ለዕድሜውና ለሌላውም 500 ባይት እንመድብ። ድምሩ 110,979,000 ባይት ይሆናል። ፖስትግሬስኪውኤል ማንም ምንም ሳያዘው ሲጫን ለጋራ ማስቀመጫው የሚመድበው 128 ሜጋባይት ነው፤ ይኸውም 134,217,728 ባይት። እንግዲህ በዚያ ቈጠራ የተቈጠረው የወረዳው ሕዝብ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይለይ፣ ቋቱ ለመነሻ ከሚይዛት ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ቦታ ይተርፋል። ማውጫዎቹ ተጨምረው እጥፍ ቢሆንም ለ16 ጊጋባይት ሰርቨር ከምንም አይቈጠርም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን የፊደላችን ብዛት ቦታ ይፈጃል የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። እርግጥ ነው፤ ፊደላችን በ1992 ዓ.ም. (1999) ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ በተለመደው አጻጻፍ አንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የላቲኑ ግን 1 ባይት ነው። ሆኖም የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድነት የያዘ ስለሆነ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ አይደርስም። «አበበ ከበደ» በፊደላችን 18 ባይት፣ በላቲን ሲጻፍ 11 ባይት ነው፤ ክፍተቱን ሳንቈጥር። የሰርቨሩን መውደቅ በፊደላችን ማላከክ አይቻልም።

ታዲያ ሰርቨሩን ምን ጣለው? መዝገቡ ትንሽ ነው፤ የጋራው ክፍል 4 ጊጋባይት ነው፤ 12 ጊጋባይት ይተርፋል። መልሱን ያገኘነው ከሥርዓተ ክወናው የዕለት ማስታወሻ ነው። ሊኑክስ ማኅደርን በዱቤ ይሰጣል፤ ፕሮግራሞች ሁሉ የጠየቁትን በአንድ ጊዜ አይጠቀሙበትም ብሎ ካለው በላይ ቃል ይገባል። ባለ ዕዳዎቹ ሁሉ አንድ ቀን ሲመጡ ግን የሚከፍለው ያጣል። ያን ጊዜ አንዱን ሂደት መርጦ ይገድላል። የገደለውን ስምና ሰዓትም በማስታወሻው ይጽፋል። እኛም ያን መስመር አገኘነው፤ የተገደለው የመረጃ ቋቱ አንድ ሂደት ነበር። ፖስትግሬስኪውኤል ደግሞ አንድ ልጁ በዚህ ዓይነት ሲገደል የጋራው ማስቀመጫ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ይሠጋል፤ ስለዚህ ሌሎቹንም ሁሉ አሰናብቶ እንደገና ይነሣል። አንድ ጸሐፊ ሲወድቅ ሁሉም የወደቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ዱቤው የበዛበትም ምክንያት ተገኘ። ፖስትግሬስኪውኤል እያንዳንዱ ተጠቃሚ ዝርዝር ሲያስደረድር ከጋራው ክፍል ውጭ ለብቻው የሚጠቀምበት የሥራ ማኅደር ይሰጠዋል። ሲጫን ይህ 4 ሜጋባይት ነው። ከዓመት በፊት አንድ ሰው ዝርዝሩ እንዲፈጥን ብሎ ወደ 256 ሜጋባይት ከፍ አድርጎታል። ለአንድ ሰው ሲሆን ደግ ነው፤ ዝርዝሩም በእርግጥ ፈጥኗል። የዚህን ልክ አደገኛነት የሚያውቅ ሰው ግን በተጠቃሚዎቹ ቍጥር ያባዛዋል። በወሩ መጨረሻ 60 ግንኙነት ይከፈታል፤ 60 ጊዜ 256 ሜጋባይት 15 ጊጋባይት ነው፤ ከጋራው 4 ጊጋባይት ጋር 19 ይሆናል። ሰርቨሩ ያለው 16 ነው። ይባስ ብሎም ይህ ወሰን ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአንድ መደርደር ነው፤ አንዱ ጥያቄ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊጠቀምበት ይችላል። እንግዲህ ኀላፊው በማስረጃቸው ተሳስተው በችግራቸው ግን ትክክል ነበሩ፤ እኛ ማስረጃቸውን አርመን ችግራቸውን አላየንም።

ሌሎች ቋቶች በዚህ ረገድ የተለየ ጠባይ አላቸው። ይህን ለማሳየት በስም ምክንያት ወደ ተገናኘነው አንድ ነገር እንሂድ። ኮቦ ቱልቦክስ የሚባል የመጠይቅ መሰብሰቢያ አለ፤ በሃርቫርድ የሰብአዊ እርዳታ ጥናት ክፍል የተጀመረ ነው፤ በአገራችንም የረድኤት ድርጅቶች ይጠቀሙበታል። ስሙ ከከተማችን ጋር ዝምድና የለውም፤ ይሁን እንጂ በቆቦ «የኮቦ ፎርም» ሲባል ሰምቶ ያልሣቀ የለም። ይህ ሥርዓት በአንድነት ሦስት ቋቶችን ይጠቀማል፤ ፖስትግሬስኪውኤልን፣ ሞንጎዲቢንና ሬዲስን። ሦስቱ በአንድ ሰርቨር ላይ ሲሆኑ ሦስት ዓይነት ቤተሰብ በአንድ ግቢ እንደ መኖር ነው። ፖስትግሬስኪውኤል ለራሱ ጥቂት ይዞ በሥርዓተ ክወናው ማስቀመጫ ላይ ይደገፋል፤ ስለዚህ ከሚጠቅመው ያነሰ የያዘ ይመስላል። ሞንጎዲቢ ካልተከለከለ ከጠቅላላው ማኅደር 1 ጊጋባይት ቀንሶ የቀረውን ግማሽ ለማስቀመጫው ይመኛል፤ በ16 ጊጋባይት ሰርቨር 7.5 ጊጋባይት ማለት ነው። በግቢው ሌላ ሰው መኖሩን አይጠይቅም። በ2001 ዓ.ም. (2009) የወጣው ሬዲስ ደግሞ መረጃውን ሁሉ በማኅደረ ትውስታ ይይዛል፤ በእርሱ ዘንድ የመዝገቡ መጠንና የማኅደሩ መጠን አንድ ነው ማለት ይቻላል። «ዳታቤዝ ምን ያህል ሜሞሪ ይይዛል?» ለሚል ጥያቄ አንድ መልስ የማይገኘው ስለዚህ ነው።

ቋቶቹ ራሳቸው ስለ ራሳቸው መናገር የጀመሩት ቆይተው ነው። ለፖስትግሬስኪውኤል በጋራው ማስቀመጫ ውስጥ የትኛው ሠንጠረዥ ምን ያህል ገጽ እንደ ያዘ የሚያሳይ ተጨማሪ መሣሪያ በ1998 ዓ.ም. (2005) ወጣ። የጋራው ክፍል ለምን ለምን እንደ ተመደበ በ2013 ዓ.ም. (2020)፣ እያንዳንዱ ሂደት በግሉ የያዘው ደግሞ በ2014 ዓ.ም. (2021) በሠንጠረዥ የሚታይ ሆነ። ማይኤስኪውኤል ይህን የመሰለ ቍጥጥር በ2008 ዓ.ም. (2015) በወጣው እትሙ አግኝቷል። በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ ማኅደሩን እንዲቈልፍ ከተፈቀደለት የዊንዶውስ የሥራ መቈጣጠሪያ ቍጥሩን አሳንሶ ያሳያል፤ እውነቱን ለማወቅ ቋቱን ራሱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ባለ ጐተራው ካልተናገረ በውጭ ያለው ገማች አያውቅም።

የዚያች እናት ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም። መኪናው ስማቸውን ረስቶታል? በዚያ ቀን አልረሳም። ፖስትግሬስኪውኤል አንድን ለውጥ ተቀብያለሁ ከማለቱ በፊት በዲስክ ላይ ባለ የለውጥ መዝገብ ይጽፈዋል፤ ማኅደሩ በድንገት ባዶ ቢሆን ሲነሣ ያን መዝገብ አንብቦ የጐደለውን ይሞላል። የጠፋው በጠረጴዛው ላይ የነበረው ሥራ እንጂ በመደርደሪያው ያለው ስም አይደለም። እርሳቸው የተጐዱት በመረሳት ሳይሆን በአንድ ቀን መዘግየት ነው፤ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ ለመጣ ሰው ግን ይህ ቀላል ጕዳት አይደለም።

መደርደሪያው ራሱ ሲጠፋ ሌላ ነገር ነው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. (2021) እና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. (2022) ጦርነቱ ወደ ቆቦ ሲገባ በሰሜን ወሎ ብዙ የጤናና የትምህርት ተቋማት ተዘርፈዋል፤ መብራትና ስልክም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ሰርቨር ሲወሰድ ማኅደሩም ዲስኩም አብረው ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ የሚተርፈው በሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ብቻ ነው። ስለ ማኅደር ልክ የሚጨነቅ መሥሪያ ቤት ስለ ቅጂው አስቀድሞ መጨነቁ ይሻላል ብለን እናምናለን፤ ይህን ለኀላፊውም ነግረናቸው በየሳምንቱ አንድ ቅጂ ወደ ወልድያ እንዲላክ ተስማምተዋል።

ሰርቨሩን በተመለከተ ያደረግነው ጥቂት ነው። ለሁሉም የተፈቀደውን የሥራ ማኅደር ከ256 ወደ 16 ሜጋባይት አወረድን፤ የግንኙነቱን ቍጥር ከ60 ወደ 20 ወሰንን፤ የቀሩት ጸሐፊዎች ተራ ይጠብቃሉ። 20 ጊዜ 16 ሜጋባይት 320 ሜጋባይት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ የምንመለስበትን ቀን አራዝመን የሚቀጥለውን የወር መጨረሻ ጠበቅን፤ በዚህ ጊዜ የለካነው አንድ ጊዜ አይደለም፤ በየደቂቃው «የሚገኝ» የሚለው ቍጥር በፋይል እንዲጻፍ አደረግን። በየሂደቱም ሊኑክስ የሚይዘውን ከፍተኛ ልክ አነበብን፤ ይህ ልክ ሂደቱ ሲዘጋ አብሮ ስለሚጠፋ ሳይዘጋ ማንበብ ያስፈልጋል።

ጸሐፊዎቹ ዝርዝሩ ከቀድሞው ዘገየ ብለው አጕረመረሙ፤ እውነታቸውን ነው፤ ዘግይቷል። ነገር ግን ሰርቨሩ ሳይወድቅ ከቀትር በኋላ የመጨረሻው ቀበሌ ዝርዝር ታተመ። ኀላፊው ፋይሉን ከእኛ ጋር አንድ በአንድ አነበቡት። የግዢውን ደብዳቤ ግን አልቀደዱትም፤ ወደ መሳቢያው መልሰው «ለሚመጣው ዓመት ይቆይ፤ ስልሳው ባንድ ጊዜ ይግቡ ያሉ ቀን ያስፈልገናል» አሉን።